«ሲዲ20 ፖዘቲቭ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ውጤቱ ሲዲ20 ፖዘቲቭ ካለ ካንሰር ነው፣ አለቀ» ብሎ ጽፎ አነበብኩ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ፓቶሎጂስት ነኝ፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ የምመረምር ሐኪም፤ ይህ አባባል ሰው ሲያስለቅስ አይቻለሁ። በቀደም ልደታ አካባቢ አንዲት እናት ወረቀቱን ዘርግተው «ልጄ፣ ፖዘቲቭ ነው ይላል» ሲሉኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ አገር ቃሏ ከኤችአይቪ ጋር ስለኖረች ገና ስትነበብ ታስደነግጣለች።

እዚህ ግን ፖዘቲቭ ማለት ስላይዱ (ናሙናው ያለበት መስታወት) ላይ ቀለም ታየ፣ የፈለግነው ፕሮቲን አለ ማለት ነው። ሲዲ20 የጤነኛ ቢ ሴልም (በሽታ የሚከላከል አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ፕሮቲን ነው። እኔም አለኝ፤ አስተያየት ሰጪውም አለው። ቁጥሩም ደረጃ አይደለም፤ ሲዲ103 የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ከሲዲ20 አይብስም።

ሜክሲኮ የቆመ ሚኒባስ አስቡ። ታፔላው «ፒያሳ» ይላል። መስመሩን ነገራችሁ እንጂ ፍሬኑ መበላሸት አለመበላሸቱን አልነገራችሁም። ፕሮቲንም የሴሉን መስመር ነው የሚናገረው። ካንሰር ለማለት የሴሉን መልክ፣ ብዛቱን፣ ያለበትን ቦታ ማየት አለብን።

ታፔላው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ሄሪ ሴል ሉኬሚያ የተባለውን የደም ካንሰር ውሰዱ። ከሉኬሚያዎች ሁሉ 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ሴሉ ቢ ሴል ነው፤ ግን ሲዲ103ን ይዞ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ በተለምዶ የአንጀት ቲ ሴሎች (ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች) ፕሮቲን ነው። የፒያሳው ታክሲ የሌላ መስመር ታፔላ ደርቦ እንደማለት። ሲዲ11ሲ፣ ሲዲ25 እና ሲዲ123 የተባሉ ፕሮቲኖችም አብረው ሲታዩ ያኔ ትራፊኩ ያስቆመዋል። አንዱ ብቻውን አያስቆምም።

ሴሉን የሚነዳው ሞተርስ? እሱ የጂን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች በዚህ በሽታ ቢራፍ የተባለው ጂን ላይ ቪ600ኢ የሚባል ለውጥ እንዳለ አሳዩ። በተለመደው ዓይነት ሁሉም ታማሚዎች ላይ ለማለት ይቻላል ይገኛል። ነዳጅ መስጫው ተረግጦ የቀረ መኪና በሉት። ሆኖም ያው ለውጥ ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር ላይም፣ ላንገርሃንስ ሴል ሂስቲዮሳይቶሲስ ከሚባል ሌላ በሽታ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ላይም አለ። ስለዚህ «ቢራፍ ተገኘ» ማለትም ብቻውን የበሽታውን ስም አይሰጥም። ታፔላውም ሞተሩም መታየት አለባቸው።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር። ኔጌቲቭም ያሳስታል። የመቅኒ ናሙና አጥንቱ እንዲለሰልስ ጠንካራ አሲድ ውስጥ ከተነከረ ዲኤንኤው ይበጣጠሳል፤ የጂን ምርመራው ከዚያ በኋላ ምን ያገኛል? ሲዲ20ን ዒላማ የሚያደርገውን ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት የወሰደ ሰው ደግሞ በሽታው እያለ ሲዲ20 ሊጠፋበት ይችላል። ታፔላውን አወረደ እንጂ ታክሲው መስመሩን አልለቀቀም። ለዚህ ነው የምርመራ መጠየቂያው ላይ «የወሰደው መድኃኒት» የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲመጣ ስልክ አንስቼ የምጨቀጭቀው።