«መጀመሪያ ልክ መሆንህን አረጋግጥ፣ ከዛ ወደፊት በል»፦ የዴቪ ክሮኬት አባባል ከየት መጣ፣ ምን ማለትስ ነው?

እኛ ጋር «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይባላል አይደል፣ ነገሩን ሳታጣራ አታውራ፣ ሳትገድል የገዳይ ፀጉር አታጎፍር ነው። አሜሪካኖችም ለዚህ የሚቀርብ አባባል አላቸው፣ የነሱ ግን ባለቤቱ ይታወቃል፣ ዴቪ ክሮኬት ይባላል፣ የቴኔሲ ጫካ አዳኝ የነበረ፣ በኋላ የሚሊሻ ኮሎኔል ከዛም የኮንግረስ አባል የሆነ ሰው ነው። አባባሉ በኛ ቋንቋ «ሁሌም መጀመሪያ ልክ መሆንህን አረጋግጥ፣ ከዛ ወደፊት በል» እንደማለት ነው።

በ1834 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ባሳተመው የህይወት ታሪኩ የመጀመሪያ ገፅ ላይ በሁለት ስንኝ አስቀምጦታል፣ እኔ ስሞት ለሌሎች ይህን ደንብ እተዋለሁ ይልና ነው አባባሉ የሚከተለው። ኑዛዜ ነው በቃ። ችግሩ ሰው የያዘለት ሁለተኛውን ግማሽ ነው። በዛው ዓመት የፊላደልፊያ ወጣቶች ያማረ ጠመንጃ ሸለሙት፣ በርሜሉ ላይ በወርቅ የተፃፈው ግን «ወደፊት በል» የሚለው ብቻ ነው። እስከዛሬም ስሙ ሲነሳ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው የድቡ አደን፣ የቆዳ ኮፍያው፣ ጀግንነቱ ምናምን ነው፣ እኔ ግን የሰውየው ትልቅነት ያለው «አረጋግጥ» በሚለው ላይ ነው እላለሁ፣ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ክሮኬት በ1786 በዛሬዋ ምስራቅ ቴኔሲ ከደሃ ቤተሰብ ነው የተወለደው፣ ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወር ብቻ ነው። በ1813 ክሪክ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ህዝቦች የሆኑ ተዋጊዎች ፎርት ሚምስ የሚባለውን ምሽግ መትተው ብዙ ሰው ሲገድሉ እሱም እንደሌላው ወዶ ዘመተ፣ አዛዡ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አንድሩ ጃክሰን ነበር። ህዳር ላይ ታሉሻቺ የምትባለውን የክሪክ መንደር ከበው ደመሰሷት፣ ወደ 186 ሰው ሞተ። አንዱን ቤት ውስጥ ካሉት ተዋጊዎች ጋር አቃጠሉት። በማግስቱ ወታደሩ ርሃብ ስለጠናበት ወደዛው ተመልሶ ሲፈልግ ከተቃጠለው ቤት ስር ድንች የተከማቸበት ጉድጓድ አገኘ፣ ድንቹ ከላይ በተቃጠሉት ሰዎች ስብ የተቀቀለ ይመስል ነበር፣ በሉት። ይሄን ማንም ጠላቱ አላወራበትም፣ ራሱ ነው ሳይደብቅ የፃፈው። እኔ ይሄን ቦታ ሳነብ መፅሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

እንግዲህ ከክሪኮች ጋር እንዲህ የተዋጋ ሰው በ1830 ኮንግረስ ውስጥ ተቀምጦ የጃክሰን ህግ ቀረበለት፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምስራቅ ያሉትን ነባር ህዝቦች፣ ቼሮኪውን፣ ክሪኩን፣ ቾክቶውን፣ ቺካሶውን ከመሬታቸው አንስቶ ወደ ምዕራብ የሚያዛውር ህግ። የመረጠው ህዝብ ጃክሰንን እንደ አባቱ የሚወድ፣ መሬቱንም የሚፈልግ ህዝብ ነው፣ የስራ ባልደረቦቹ ይሄን ብትቃወም ራስህን ታጠፋለህ ብለው መከሩት። እሱ ግን ህጉ ክፉና ፍርደ ገምድል ነው፣ የፈለገውን ያህል ቢያስከፍለኝም እቃወማለሁ አለ፣ ከቴኔሲ ተወካዮች ሁሉ «አይሆንም» ብሎ ድምፅ የሰጠው እሱ ብቻ ነው። ህጉ 102 ለ97 አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ወንበሩን አጣ፣ አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። በኋላ ስለዛች ድምፅ ሲፅፍ በፍርድ ቀን የማላፍርባት ድምፅ ናት ብሏል። ቼሮኪዎቹ በ1838 በወታደር ተገደው ሲነዱ በመንገድና በካምፕ ወደ አራት ሺ የሚጠጋ ሰው አልቋል፣ እሱ ይሄን ለማየት አልደረሰም።

ሁሉንም ነገር አረጋግጦ ነው የኖረው አልልም። ባሪያ ነበረው፣ ይሄም መባል አለበት፣ ከዛች የ1830 ድምፅ አጠገብ ስታስቀምጠው ያማል።

በ1833 ተመልሶ ተመረጠ፣ በ1835 በ252 ድምፅ ተሸነፈና እናንተ ገሀነም ግቡ እኔ ቴክሳስ እገባለሁ ብሎ ሄደ። ቴክሳስ ያኔ የሜክሲኮ ግዛት ሆና ልትገነጠል እየተዋጋች ነው። ጥር 1836 ናኮግዶችስ ከተማ ላይ በጎ ፈቃደኛ ወታደር ሆኖ ሊመዘገብ ቀረበ፣ የመሃላው ወረቀት ለጊዜያዊው መንግስትና ወደፊት ለሚቋቋም ለማንኛውም መንግስት ታማኝ እሆናለሁ ይላል። ክሮኬት እዚህች ጋ ቆመ። «ማንኛውም መንግስት» ማለት አምባገነንም ቢመጣ ማለት ነዋ፣ ስለዚህ ሪፐብሊካዊ የሚል ቃል ካልገባበት አልፈርምም አለ። 49 ዓመቱ ነው፣ ስራ የለውም፣ ምርጫ ተሸንፎ ከቤቱ ርቆ ነው ያለው፣ በዛ ላይ ወረቀቱን ሌላው ሰው ዝም ብሎ ይፈርመው ነበር። ቃሏ ተጨመረችለት፣ ያኔ ፈረመ።

እዛው ሰሞን ለልጁ በፃፈው ደብዳቤ ስለኔ አትጨነቁ፣ ከወዳጆች መሃል ነኝ ብሏት ነበር። ከዛ ሳን አንቶኒዮ ሄደ፣ የሜክሲኮው ጄኔራል የሳንታ አና ጦር እነሱ የመሸጉበትን አላሞ የሚባል ምሽግ 13 ቀን ከቦ መጋቢት 6 ንጋት ላይ ሰብሮ ገባ፣ ክሮኬትም እዛው ሞተ።