«ተመጣጣኝ ዋጋ» ማለት ርካሽ ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20፣ ለመንቀሳቀስ የሚረዱ መሣሪያዎች «በተመጣጣኝ ዋጋ» መገኘት አለባቸው ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ርካሽ» ወይም «ነጻ» ብሎ ይረዳዋል። ሁለቱም አይደለም።

ተመጣጣኝነት የሚለካው በተጠቃሚው ኪስ ነው። ያውም በተገዛበት ቀን ብቻ አይደለም። ተሽከርካሪ ወንበርን እንውሰድ። ወንበሩ ከሰፋ የተቀመጠው ሰው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መቀመጫው ላይ የሚነጠፈው ትራስ ቀጭን ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ስሜት የሌለው ገላ ላይ፣ ሳይታወቅ የግፊት ቁስል ይወጣል። በነጻ የተገኘው ወንበር የሕክምና ወጪ ይዞ መጣ ማለት ነው! ልኬት፣ ማስተካከያ፣ ሥልጠናና ጥገና ከዋጋው ጋር አብረው መታሰብ ያለባቸው ለዚህ ነው። የመስሚያ መሣሪያም ያው ነው፤ ባትሪ ከጠፋ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚጠሩበት «አጋዥ ቴክኖሎጂ» የሚለው ስምም ያደናግራል። የግድ ኤሌክትሮኒክስ መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቅድሚያ ይሰጣቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 50 መሣሪያዎች ውስጥ ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) አለ፣ ነጭ ዱላና ክራንችም አሉ። መነጽርም አለበት። ይህን በመነጽር እያነበቡ ከሆነ፣ እርስዎም ተጠቃሚ ነዎት።