ማግኔታዊ ናኖሽቦ ምንድን ነው?

የኮምፓስ መርፌ ረጅምና ቀጭን የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማግኔት ርዝመት ይወዳል። ሰሜንና ደቡብ ዋልታዎቹ ሲቀራረቡ የራሱን አቅጣጫ የሚቃወም ማግኔታዊ መስክ (የማግኔት ኃይል የሚሠራበት ክልል) ውስጡ ይበረታል። ሲራራቁ ተቃውሞው ይዳከማል። ማግኔታዊ ናኖሽቦ ይህን ነገር እስከ ጥግ ይወስደዋል። ከኒኬል፣ ከኮባልት ወይም ከብረት ይሠራል። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር ነው፤ ርዝመቱ ግን የውፍረቱን መቶ እጥፍ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ናኖሜትር ማለት ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲካፈል ነው።

ታዲያ ይህን የሚያህል ቀጭን ሽቦ እንዴት ይሠሩታል? ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያሳድጉታል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ቅርጽ ማውጫ ነው፤ ቀዳዳዎቹን ማንም አይሰረስራቸውም። ንጹህ አሉሚኒየም ኦክሳሊክ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ከኤሌክትሪክ ምንጩ ፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል። ወደ 40 ቮልት ሲያገኝ ላዩ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ኦክሳይዱም ቀጥ ብለው በሚወርዱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላል። ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ጎረቤቱ መሃል 100 ናኖሜትር ያህል ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ቁርጥ የማር እንጀራ! ቀዳዳዎቹን እንዲህ በሥርዓት መደርደር እንደሚቻል ጃፓናውያኑ ሂዴኪ ማሱዳና ኬንጂ ፉኩዳ በ1995 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

የቀረው ሥራ ከወርቅ ቅብ ጋር ይመሳሰላል። የቀዳዳዎቹ ታች ከተከፈተ በኋላ አንዱ ፊት በስሱ ወርቅ ይቀባና ከኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ኒኬል ሰልፌት በሟሟበት አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ይገባል። ኒኬሉ ከታች ወደ ላይ እየተጠራቀመ ቀዳዳውን ይሞላል። ሰዓቱን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ካለፈ ኒኬሉ ሞልቶ ይወጣና እንደ እንጉዳይ ቆብ ይሠራል። ሽቦዎቹን ነጥሎ ማውጣት ለፈለገ ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ኦክሳይዱን ያሟሟዋል፣ ኒኬሉን ይተወዋል።

አሁን ባህርያቸውን እንለካ። ናሙናው በመጠምጠሚያ ሽቦዎች አጠገብ ይንቀጠቀጣል፣ ከውጭ የሚመጣው መስክ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይገለበጣል። ተራ የኒኬል ቁራጭ ቶሎ እጅ ይሰጣል፤ ማግኔትነቱን ለመገልበጥ ደካማ መስክ ይበቃዋል። ናኖሽቦ ግን በርዝመቱ አቅጣጫ ይዞ አይለቅም፤ ለመገልበጥ በጣም የበረታ መስክ ይጠይቃል። ይህ የመቋቋም አቅም ኮኤርሲቪቲ ይባላል። ኒኬሉ ያው ኒኬል ነው፣ የተለወጠው ቅርጹ ነው። ሽቦዎቹ በጣም ተጠጋግተው ከቆሙ ግን የአንዱ መስክ ሌላውን ይረብሽና ጥንካሬያቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ቀዳዳው ምን ያህል ይስፋ፣ ምን ያህል ይራራቅ የሚለው ዋና ጉዳይ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ድርብርቡ ሽቦ ነው። ኮባልትና መዳብ አንድ ውሃ ውስጥ ይሟሙና ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ዝቅ ሲል መዳብ ብቻ ይቀመጣል፣ ከፍ ሲል በአብዛኛው ኮባልት። እያንዳንዱ ንብርብር ጥቂት ናኖሜትር ሆኖ ሽቦው ቡራቡሬ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሽቦ ማግኔት ሲቀርበው የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ጎልቶ ይቀንሳል። አልበርት ፌርና ፒተር ግሩንበርግ በ1988 እ.ኤ.አ. በስስ ንጣፎች ላይ ያገኙት፣ በ2007 የኖቤል ሽልማት ያሸለማቸውና በሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ውስጥ የገባው ክስተት ይኸው ነው።