«ለዚህች ጎማ ነው ይሄን ያህል?» ስለ ጀልባ ሞተር የእጅ ዋጋ በየጊዜው የምሰማቸው ስህተቶች

የጀልባ ሞተር መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ የሚያደክመኝ ስራው አይደለም፣ ሂሳብ ላይ ሲደረስ የሚነሳው ያው ንግግር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ያወጣሁለትን አሮጌ ኢምፔለር (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የምትስብ ባለ ክንፍ ጎማ) መዳፉ ላይ አድርጎ እያገላበጠ «ለዚህች ጎማ ነው ይሄን ያህል የእጅ ዋጋ?» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ከልቡ ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ፣ እና ለሱ ያስረዳሁትን ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ብዬ ልለፋቸው።

«የመኪና መካኒክ በግማሽ ዋጋ ይሰራልኛል።» ሊሰራው ይችላል። ግን መኪና የራሱን ውሃ ነው የሚያዞረው፣ ከጀልባ ኋላ የሚታሰረው ሞተር ደግሞ ከስሩ ያለውን ውሃ ከነአሸዋው ከነጨው እየሳበ ነው የሚቀዘቅዘው። ጎበዝ የመኪና መካኒክ ሞተሩን በደረቁ አስነስቶ ኢምፔለሩን ሲያቃጥለው በአይኔ አይቻለሁ።

«ብዙ አልነዳሁትም፣ ሰርቪስ አያስፈልገውም።» አብዛኞቹ አምራቾች በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው ነው የሚሉት። 100 ሰዓት ትንሽ ይመስላል፣ ግን መኪና በ60 ኪሎሜትር ፍጥነት 100 ሰዓት ቢሄድ 6,000 ኪሎሜትር ነው፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ቁልቁለት የሚባል ነገር የለም፣ ሞተሩ ጭኖ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ሙሉ ሰዓቱን ይገፋል። ቆሞ የከረመም ቢሆን ቤንዚኑ ያረጃል፣ ጎማው ይደርቃል።

«አይቶ መናገር በነጻ ነው።» አይደለም፣ ከባዱ ስራ እሱ ነው። አንድ ሞተር በዝግታ ሲሄድ ጤነኛ ነው፣ ጋዝ ሲሰጠው ይሞታል፣ ባለቤቱ ካንዴላ ቀይሯል፣ ፊልትሮ ቀይሯል፣ ካርቡራተር አሳጥቧል፣ ምንም። ሁለት ሰዓት ፈለግኩ። የቤንዚን ጎማው ከውጭ አዲስ ይመስላል፣ ቆርጬ ሳየው የውስጡ ሽፋን ተልጦ ብዙ ቤንዚን ሲሳብ መንገዱን ይዘጋል። መቀየሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያ ሰው ለአምስት ደቂቃው ብቻ ልክፈል ቢለኝ የቱ ጋ ነው ፍትሁ? ከኔ በፊት ለሶስት የማያስፈልግ ስራ ከፍሎ እኮ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ዋናው፣ «ዕቃው ርካሽ ከሆነ የእጅ ዋጋውም ርካሽ መሆን አለበት» ወደሚለው። እውነት ለመናገር በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ምክንያታዊ ይመስላል። የእጅ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ ዝምድናው ዕቃው ከተቀመጠበት ቦታ ጋር ነው። ኢምፔለር መዳፍ የምታህል ባለ ክንፍ ጎማ ናት፣ ግን የምትቀመጠው የታችኛው የማርሽ ቤት አናት ላይ ነው፣ እሷን ለመንካት ያ ቤት በሙሉ ከሞተሩ ተላቆ መውረድ አለበት። የያዙት ብሎኖች ደግሞ የማይዝጉ ብረቶች ናቸው፣ የገቡት አሉሚኒየም ውስጥ ነው፣ ሁለቱ ብረቶች ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ይሆንና እያበጠ ብሎኑን አንቆ ይይዘዋል። የዚህ ደንበኛ ሞተር አምስት አመት ተከፍቶ አያውቅም። ሶስቱ ብሎን ወጡ፣ አራተኛው አልንቀሳቀስም አለ። እዚህ ላይ ነው ችኮላ የሚያከስረው፣ በጉልበት ካዞርከው አናቱ ይቀነጠስና ቀሪው ውስጥ ይቀራል፣ ከዛ መብሳት፣ የብሎን ጥርሱን እንደገና ማውጣት፣ ግማሽ ቀን ሄደ። ስለዚህ ዘይት ረጭተህ ትጠብቃለህ፣ ዙሪያውን በእሳት ታሞቃለህ፣ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ይልቅ ይሰፋል፣ ትንሽ ወደ መፍታት ትንሽ ወደ ማጥበቅ እያደረግክ ታለማምደዋለህ። አንድ ብሎን አርባ ደቂቃ ወሰደብኝ፣ ግን ሳይሰበር ወጣ።

ሲወርድ ደግሞ ኢምፔለሩ ከስድስት ክንፉ ሁለቱ የሉም። አዲስ አስገብቶ መዝጋት ይቻል ነበር፣ የሚያደርጉት አሉ፣ «ርካሽ» የሚባለውም ሰርቪስ እንዲህ ያለው ነው። ግን ሁለቱ ቁራጮች የት ሄዱ? ውሃው ገፍቷቸው ሽቅብ ወጥተዋል። አንዱን ቱቦው መግቢያ ላይ አገኘሁት፣ ሁለተኛው ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ ለውሃው የሚከፍትና የሚዘጋው ዕቃ) ስር ተሰክቶ ነበር። እዛው ትቼው ቢሆን አዲሱ ኢምፔለር እየገፋ ውሃው የሚያልፍበት ያጣል፣ ሞተሩ መሀል ውሃ ላይ ይግላል። ለደንበኛዬ ሁለቱን ቁራጮች ከአሮጌው ጎን አስቀምጬ አሳየሁት፣ ዝም ብሎ አያቸውና «አሁን ገባኝ» አለ።

በዚሁ ላይ አንድ የራሳችንን ወገን ጥፋት ልናገር። የእጅ ዋጋ ውድ ነው የሚለው ሰው አንዳንዴ ልክ ነው። የማርሽ ቤቱ አንዴ ከወረደ ለኢምፔለርም ለማውረድ፣ ለማርሽ ዘንጉም ለማውረድ ተብሎ ሁለቴ ማስከፈል ስርቆት ነው፣ የወረደው አንዴ ነው። ሌላ ደንበኛ አንድ ጋራዥ የጻፈለትን ደረሰኝ አምጥቶ አሳይቶኛል፣ ልክ እንደዛ ነበር።

ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት የዕቃውና የእጁ ዋጋ ተለያይቶ ይጻፍላችሁ፣ ስንት ሰዓት ተብሎ እንደታሰበም ጠይቁ። ብሎን ቢሰበር ወይ ሌላ ነገር ቢገኝ ሳይደውል እንዳይቀጥል ቀድማችሁ ንገሩት። አሮጌውን ዕቃ መልስልኝ በሉ፣ ኢምፔለሩን ቁጠሩት፣ ክንፍ ከጎደለው «የት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። የማርሽ ዘይቱ ሲቀዳ ቁሙና እዩ፣ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከፕሮፔለሩ ጀርባ ተጠቅልሎ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ጎማ የቆረጠ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። አዲሱ ዘይት ሲሞላ ከታችኛው ቀዳዳ እየተገፋ በላይኛው እስኪወጣ መሆን አለበት፣ መካኒኩ ዘይቱን በላይኛው ቀዳዳ ሲጨምር ካያችሁ አየር ውስጥ እየቀረ ነው፣ አስቁሙት።

የእጅ ዋጋ በእውነት እንዲቀንስላችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከጨዋማ ውሃ በወጣ ቁጥር ሞተሩን በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ በየዓመቱ አስከፍቱት፣ መካኒኩ ብሎኖቹን ሲመልስ የባህር ግሪስ እንዲቀባ አስታውሱት። በየዓመቱ የሚያመጣልኝ አንድ ሰው አለ፣ የሱ ብሎኖች ዘጠኝ አመት ሆኗቸው እስካሁን በቁልፍ ትንሽ ነካ ሳደርጋቸው በጣት ነው የሚወጡት፣ ለኢምፔለር የምጠይቀውም የዛን የባለፈው ሳምንት ደንበኛ ግማሽ አይሞላም።