ማርሻሎች ወዴት ሄዱ? ስለ እንግሊዝ ባላባቶች የዘር ሐረግ በብዛት የሚነገሩ ስህተቶች

የእንግሊዝ መኳንንትን የዘር ሐረግ መከተል ሱስ ነው። አመሻሽ ላይ «እስቲ አንድ ስም ልፈልግ» ብላችሁ ትገባላችሁ፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሻርለማኝ ድረስ የሚዘልቅ ሠንጠረዥ ላይ አፍጥጣችኋል። ከላይ ያለው ስም በታሪክ የታወቀ ነው። ከታች ያለውም እውነተኛ ሰው ነው። ጉዱ ያለው መሀል ላይ ነው።

ነገሩን ለማሳየት አንድ ቤተሰብ ልያዝ፤ ማርሻሎችን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዊሊያም ማርሻል የተወለደው በ1147 አካባቢ ነው። ብዙ ወንድሞች ስለነበሩት ርስት ይደርሰኛል ብሎ የሚጠብቅ ልጅ አልነበረም። በፈረስ ግጥሚያ (ባላባቶች በፈረስ ላይ ሆነው በጦር የሚጋጠሙበት ውድድር ነው) ስም አወጣ፣ የንጉሥ ሰው ሆነ፣ በ1189 ኢዛቤል ደ ክሌርን አገባ። ኢዛቤል በደቡብ ዌልስና በአየርላንድ ሰፊ መሬት የወረሰች ሴት ነበረች። ዊሊያም በስተርጅና የሕፃኑ ንጉሥ የሄንሪ ሣልሳዊ ሞግዚት ሆኖ አገር መራ፤ በ1219 ሞተ። አምስት ወንዶችና አምስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው።

«ወንዶቹ ስላለቁ ዘሩ ጠፍቷል»

በብዛት የሚነገረው ይሄ ነው። ግማሹ እውነት ነው። አምስቱ ወንዶች ልጆች ተራ በተራ ወረሱ፣ ተራ በተራም ሞቱ። ትንሹ ዊሊያም በ1231። ሪቻርድ በ1234፣ አየርላንድ ውስጥ ቆስሎ። ጊልበርት በ1241፣ በፈረስ ግጥሚያ ላይ። ዋልተርና አንሰልም ደግሞ በ1245 መጨረሻ፣ በሳምንታት ልዩነት። አንዳቸውም ወራሽ ልጅ አልተዉም። መነኩሴው ማቲው ፓሪስ «አንድ የአየርላንድ ጳጳስ ረግሟቸው ነው» የሚለውን ታሪክ ጽፎልናል፤ አባትየው የቤተክርስቲያን መሬት ወስዶበት ነበር አሉ።

እርግማን ከነበረ ሴቶቹን አላገኛቸውም። የዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ወንድ ልጅ ካለ ሁሉንም ለበኩሩ ይሰጥ ነበር። ወንድ ከሌለ ግን ሴቶቹ እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ከእነሱ የሞተች ካለች ድርሻዋ ለልጆቿ ይሄድ ነበር። በእናትም በአባትም ርስት ሲቆጠር እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ብዙ አይገርመውም። የማርሻሎች ርስትም በ1247 አምስት ቦታ ተከፈለ። አየርላንድ ውስጥ ብቻ የሆነውን ተመልከቱ፦ ካርሎ ለማውድ፣ ኪልኬኒ ለኢዛቤል፣ ኪልዴር ለሲቢል፣ ዌክስፈርድ ለጆአን፣ ደናሜዝ ለኢቫ ወገን ደረሰ።

ሲቢል ደግሞ ሰባት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ስለዚህ የእሷ አንድ አምስተኛ እንደገና ለሰባት ተቆረሰ። የእያንዳንዷ ልጅ ድርሻ ከጠቅላላው አንድ ሠላሳ አምስተኛ ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ለማካፈል የተጻፈው ወረቀት (ብራና ልበል እንጂ) ለዘር ሐረግ ፈላጊ ወርቅ ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነች፣ ማንን እንዳገባች የሚነግረን እሱ ነው።

ከእነዚህ ሴቶች የመጣውን ደግሞ እዩት። ከኢዛቤል ወገን በ1306 የስኮትላንድን ዘውድ የጫነው ሮበርት ብሩስ ተወለደ። የኢቫ ልጅ ማውድ ሮጀር ሞርቲመርን አገባች፤ ከሞርቲመሮች ደግሞ በአንዲት ሴት በኩል ኤድዋርድ አራተኛና ሪቻርድ ሣልሳዊ መጡ። የኤድዋርድ ልጅ የሄንሪ ስምንተኛ እናት ናት። ከሄንሪ ስምንተኛ ወዲህ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሁሉ ከማርሻሎች ይወለዳል ማለት ነው። የጠፋው ስሙ ብቻ ነው።

«ስሙ አንድ ከሆነ ሰዉም አንድ ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ሠንጠረዥ ይፈርሳል። የዊሊያም ማርሻል ሚስት ኢዛቤል ደ ክሌር ትባላለች። ሴት ልጃቸውም ኢዛቤል ናት፤ ኢዛቤል ማርሻል። እሷ ጊልበርት ደ ክሌር የሚባል፣ ከእናቷ ወገን የሩቅ ዘመድ የሆነ ኧርል (ከፍ ያለ የመኳንንት ማዕረግ ነው) አገባች። ሴት ልጅ ወለዱ። ምን ብለው ሰየሟት? ኢዛቤል። ኢዛቤል ደ ክሌር! የንጉሡን አያትና ሞክሼ ሮበርት ብሩስን የምታገባው፣ የንጉሡም አያት የምትሆነው ይቺ ሁለተኛዋ ናት።

ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ ሙሉ ስማቸው አንድ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱን አንድ አድርገዋቸው አይቻለሁ። ሴትዮዋ በ1189 ዊሊያምን አግብታ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ብሩስን አግብታ ልጅ ትወልዳለች። በዚያ ላይ የገዛ ልጇ ልጅ ሆና ቁጭ ብላለች። ሠንጠረዡን የሠራው ሰው ዓመቶቹን እንኳ አልደመረም።

«ፊትዝ ያለበት ስም የዲቃላ ነው»

አይደለም። ፊትዝ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ «ልጅ» ማለት ነው። የዊሊያም አባት ጆን ፊትዝጊልበርት ይባል ነበር፤ የጊልበርት ልጅ ጆን። እኛ በስማችን ቀጥሎ የአባታችንን እንደምናስከትለው ነው፣ በየትውልዱ ይቀየራል። የወንድማማቾችን ዝምድና ፈልጎ የሚያነብ አበሻ በዚህ ነገር ከእንግሊዞቹ ቀድሞ ሊገባው ይችላል። ጥርጣሬው የመጣው በኋላ ነው። ነገሥታት ከትዳር ውጭ ለወለዷቸው ልጆች ፊትዝ ያለበትን ስም ይሰጡ ጀመር፤ ሄንሪ ስምንተኛ በ1519 የተወለደለትን ልጅ ሄንሪ ፊትዝሮይ እንዳለው።

ማርሻል የሚለውም መጀመሪያ የቤተሰብ ስም አይደለም። ሥራ ነው። የንጉሡን ፈረሶችና ጋጣ የሚቆጣጠር ሹም፣ በእኛ ባልደራስ። ሹመቱን አያትየው ጊልበርት ያዘው፣ ልጁ ወረሰው፣ ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በዚያ ዘመን መዝገብ ላይ «ማርሻል» የተባለ ሁሉ የእነዚህ ዘመድ አይደለም። ፈረስ ያለበት ቤት ሁሉ ማርሻል ነበረው።

«የልደት መዝገቡን ማየት ነው»

የትኛውን መዝገብ? የእንግሊዝ አጥቢያዎች ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ የታዘዙት በ1538 ነው፤ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን በቶማስ ክሮምዌል ትእዛዝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር የለም። የዊሊያም ማርሻልን ዓመት «በ1147 አካባቢ» የምንለው ለዚህ ነው። በ1152 ንጉሥ ስቲቨን ኒውበሪ የሚባለውን ምሽግ ሲከብ ዊሊያም በመያዣነት የተሰጠ ትንሽ ልጅ ነበር። ንጉሡ «ልጅህን እሰቅለዋለሁ» ብሎ ለአባትየው ላከ። አባትየው ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ከዚህ የተሻሉ ልጆች የምቀጠቅጥበት መዶሻና መስፍ አለኝ!» ንጉሡ ልጁን ሊሰቅለው አልጨከነም። እኛም ዕድሜውን የምንገምተው ከእንዲህ ዓይነት ወሬ ነው።

ታዲያ ሐረጉ በምን ይታወቃል? በመሬት። ከንጉሡ በቀጥታ መሬት የያዘ ሰው ሲሞት የንጉሡ ሹም ወደ አካባቢው ይሄዳል፤ የሰፈሩን ሰዎች አስምሎ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሟቹ ምን መሬት ነበረው? መቼ ሞተ? ወራሹ ማነው፣ ዕድሜውስ ስንት ነው? መልሱ በላቲን ብራና ላይ ይጻፋል። ከ1230ዎቹ ጀምሮ ያሉት በብዛት ተርፈው ዛሬ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

ዕድሜው ላይ ግን ተጠንቀቁ። «21 ዓመትና ከዚያ በላይ» ከተባለ ሰውየው አርባ ሊሆነው ይችላል። ለመዝጋቢው የሚያስፈልገው ለአካለ መጠን መድረሱ ብቻ ነው።

ወራሹ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሲያድግ መሬቱን ለመረከብ ዕድሜውን በምስክር ማስረዳት አለበት። የሰፈር ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ይቆማሉ። አንዱ «የእኔም ልጅ ያን ሳምንት ነው የተወለደው» ይላል። ሌላው «ያን ቀን ከፈረስ ወድቄ እግሬን ሰብሬያለሁ» ይላል። ሌላው ጥምቀቱ ላይ ችቦ ይዞ ነበር። ሳነብ ሰዎቹን ፊት ለፊት የማያቸው ይመስለኛል። ግን ደስታዬን የቀነሰብኝ አንድ ነገር አለ፦ ያው የተሰበረ እግር፣ ያው ልደት፣ በሌላ ወራሽ ጉዳይ ላይም ቃል በቃል ይገኛል። አንዳንዱ ጸሐፊ ካለፈው መዝገብ እየገለበጠ ነበር። የልጁ ዕድሜ እውነት ሊሆን ይችላል። ሰውየው እግሩን ስለመስበሩ ግን አልምልም።

«ማዕረጉ ያለው ሰው ዘሩም አለው»

ዛሬም የፔምብሩክ ኧርል አለ። ከዊሊያም ማርሻል በአባት ወገን ይወርዳል? አይወርድም። ከአንሰልም ሞት በኋላ ፔምብሩክ የደረሰው የጆአንን ልጅ ላገባው ለዊሊያም ደ ቫለንስ ነው። የዚያም መስመር ቆመ። ከዚያ ማዕረጉ እንደገና እየተፈጠረ ለተለያዩ ቤተሰቦች ተሰጠ፤ የዛሬዎቹ ኸርበርቶች ያገኙት በ1551 ነው። ወንበሩ አንድ ነው፣ የተቀመጡበት ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ዊሊያም ራሱ ቢሆን ወደ ፔምብሩክ የመጣው በሚስቱ በኩል አይደል?

አርማም እንደዚያው ነው። የማርሻሎች ጋሻ ግማሹ ወርቃማ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ላዩ ላይ ቀይ አንበሳ አለበት። ይሄን አንበሳ በኋላ የኖርፎኩ ኧርል ሮጀር ቢጎድ ይዞት እናገኛለን፤ የማርሻልነት ሹመቱ በማውድ በኩል ወደ ቢጎዶች ስለሄደ። በእንግሊዝ ደንብ አርማ የሰው ነው፣ የስም አይደለም። «የቤተሰብዎ አርማ» ተብሎ በኩባያ ላይ ታትሞ የሚሸጠውን ቡና ጠጡበት፣ ማስረጃ ግን አታድርጉት።

«አሮጌ ከሆነና ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ እውነት ነው»

ትንሹ ዊሊያም ማርሻል የሄንሪ ሣልሳዊን እህት ኤሊኖርን አግብቶ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በ1238 ሲሞን ደ ሞንፎርን አገባች፤ በንጉሡ ላይ ጦር ያነሳውንና በ1265 ኢቭሻም ላይ የተገደለውን። በቱዶሮች ዘመን (በእነ ሄንሪ ስምንተኛ ጊዜ) ወደ ላይ የወጣ ሁሉ እንዲህ ያለ አያት ይፈልግ ነበር። ዌልስቦርን የሚባል ቤተሰብም ፈለገና ሠራው። በቡኪንግሃምሻየር ሂዩንደን ቤተክርስቲያን ውስጥ የጥንት ባላባቶች የሚመስሉ የመቃብር ምስሎች ተቀመጡ፤ የሞንፎርን አርማም አደረጉባቸው። ብረት ለባሽ ባላባቶች ተጋድመዋል፣ ሁሉ ነገር የ13ኛው ክፍለ ዘመን ይመስላል። ሥራው ግን የ16ኛው ነው።

የአርማ ሹማምንት ከ1530 እስከ 1680ዎቹ በየአውራጃው እየዞሩ የባላባቶችን ሐረግ መዝግበዋል። ጠቃሚ ነው። ግን አያትና ቅድመ አያት ድረስ እመኗቸው፤ ከዚያ በላይ ያለው ባለቤቱ የነገራቸው ነው። ሰውየው እንግዳ ጋብዞ፣ ወይን ቀድቶ፣ ስለ አባቶቹ ሲያወራ ምን ሊል እንደሚችል መገመት ነው።

«አባቶቻችን በ1066 ከድል አድራጊው ጋር መጥተዋል»

የማርሻሎች ሐረግ በማስረጃ የሚታወቀው እስከ አያትየው ጊልበርት ድረስ ነው፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። ይሄ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች የአንዱ ቤተሰብ ነው። የኖርማንዲው ዊሊያም፣ ማለትም ድል አድራጊው፣ በ1066 እንግሊዝን በያዘበት የሄስቲንግስ ጦርነት ላይ እንደተዋጉ በአስተማማኝ ምንጭ በስማቸው የሚታወቁት ደግሞ ሃያ ገደማ ሰዎች ናቸው። ረጃጅሞቹ ዝርዝሮች በኋላ የተጻፉና ስም የተጨመረባቸው ናቸው። በቃ።

«አሁን ዲኤንኤ አለ፣ ያለቀለት ነው»

ከማርሻል ዘሮች አንዱ ይሄን ፈትኖታል፤ ሪቻርድ ሣልሳዊ። አጽሙ በ2012 ሌስተር ከተማ ውስጥ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ሥር ወጣ። በ2014 የምርመራው ውጤት ታተመ። በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፈው ዲኤንኤ ከእህቱ ከአን በሴት መስመር ከሚወርዱ ሁለት ሰዎች ጋር ገጠመ። ማንነቱ ተረጋገጠ።

በአባት በኩል የሚተላለፈው ግን አልገጠመም። ሐረጉ በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። አምስት በሕይወት ያሉ ወንዶች፣ ሁሉም ከ5ኛው የቦፎርት መስፍን ከሄንሪ ሶመርሴት ይወርዳሉ፤ እሱ ደግሞ ከኤድዋርድ ሣልሳዊ፣ ልክ እንደ ሪቻርድ። አንዳቸውም ከንጉሡ ጋር አልተመሳሰሉም። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ከአራቱም ጋር አልተመሳሰለም። በመስመሩ ላይ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ መዝገቡ አባት ያለው ሰው አባት አልነበረም። የአንዱ ስብራት ቅርብ ነው። ሌላው ከኤድዋርድ ወዲህ ባሉት ብዙ ትውልዶች ውስጥ የት ላይ እንደሆነ ምርመራው አይለይም፤ በሪቻርድ ወገን ይሁን በሶመርሴቶች ወገን እንኳ።