ኦፕሬሽን ኦቨርሎርድ ምንድን ነው?

“ሂትለርን በጊዜ ቢቀሰቅሱት ኖሮ ኖርማንዲ አይሳካም ነበር።” ጁን በመጣ ቁጥር፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝና አጋሮቻቸው (የቃል ኪዳን ሀገራት የሚባሉት) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን በያዘቻት ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ባህር ዳርቻ ላይ ጦር ያሳረፉበት ጁን 6 ቀን 1944 ሲታወስ፣ ይህን አባባል እሰማለሁ። ዘንድሮም አንድ አስተያየት ሰጪ በሙሉ ልብ ደገመው። አልፎ ተርፎም ኦቨርሎርድ ማለት ወታደሮች ከጀልባ ዘለው ባህር ዳሩን የያዙበት ያ አንድ ቀን እንደሆነ አስረዳ። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄኛው ነው።

ባህሩን ተሻግሮ የማረፉ ክፍል የራሱ ስም አለው፤ ኔፕቱን ይባላል። ኦቨርሎርድ ከዚያ በጣም ይሰፋል። ሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ገብቶ መደላደል፣ ከዚያም ወደ ጀርመን መግፋት የሚችል ጦር እዚያው ማከማቸት ነው። ዕቅዱ የተሰላው ለ90 ቀን ነበር፤ በ90ኛው ቀን ጦሩ ፓሪስን አቋርጦ የሚያልፈው ሴን ወንዝ ላይ ይደርሳል ተብሎ ነበር። (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሙያዬ ጭነትና ትራንስፖርት ስለሆነ ጦርነትን የማየው ከስንቅና ትጥቁ በኩል ነው። ሰርግ የደገሰ ሰው የምለው ይገባዋል። ድንኳን ተተከለ ማለት ድግሱ ተሳካ ማለት አይደለም። ድንኳኑ ቆሞ እንጀራው ካልደረሰ፣ እንጀራው ደርሶ ወጡ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ያው ውርደት ነው። አሁን ደግሞ ድንኳኑን የምትተክለው በጠላትህ ግቢ ነው እንበል። የአንተ እንጀራ ባህር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። እሱ ግን ወንድሞቹን በመኪናና በባቡር ይጠራል። ማን ቀድሞ ግቢውን ይሞላል? የኦቨርሎርድ ጥያቄ ይህ ነበር።

ድንኳን መትከሉ ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት አንዚዮን ተመልከቱ። ጃንዋሪ 22 ቀን 1944 የቃል ኪዳን ሀገራት ጦር ጣሊያን ውስጥ ከሮም በስተደቡብ፣ አንዚዮ ላይ አረፈ። ይህ ነው የሚባል ተቃውሞ አልገጠመውም። በመጀመሪያው ቀን 36,000 ያህል ወታደር ወረደ። ከዚህ በላይ የተሳካ ማረፍ ከየት ይመጣል? ጀርመኖች ግን ክፍለ ጦሮቻቸውን በየብስ አጣድፈው አመጡና ከበቡት። ጦሩ ከዚያች ጠባብ ቦታ ሰብሮ መውጣት የጀመረው ሜይ 23 ነው። አራት ወር ሙሉ ታስሮ ከረመ።

ስለዚህ የኦቨርሎርድ ዕቅድ አውጪዎች ሁለት ሥራ ነበረባቸው። የራሳቸውን ክምችት ማፍጠን፣ የጠላትን ማዘግየት።

የራሳቸው ክምችት ማነቆ መርከብ ነበር። በ1943 በእንግሊዛዊው ጄኔራል ሞርጋን የተነደፈው የመጀመሪያው ዕቅድ በባህር የሚያርፈውን ኃይል 3 ክፍለ ጦር ብቻ አድርጎት ነበር። የምድር ጦሩ አዛዥ ሞንትጎመሪና የዘመቻው ጠቅላይ አዛዥ አይዘንሃወር ይህ አይበቃም ብለው ወደ 5 አሳደጉት። ለተጨማሪዎቹ ግን ታንክ አራጋፊ መርከብ አልነበረም። ቀኑ ከሜይ ወደ ጁን የተገፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የደቡብ ፈረንሳዩ ማረፍም እስከ ኦገስት 15 የዘገየው በዚሁ እጥረት ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል የሁለት ታላላቅ መንግሥታት ዕቅድ በመቶ ወይም በሁለት መቶ መርከብ መታሰሩን ታሪክ ፈጽሞ አይረዳውም ብሎ ለአሜሪካ ጦር ኤታማዦር ሹም ለጄኔራል ማርሻል ጽፎለታል።

እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። የአንዱን መርከብ አቅም በመርከቦቹ ብዛት አባዝተው “ይህን ያህል ቶን ተጫነ” የሚሉ ሰዎች አሉ። እንደዚያ አይሰራም። ወደ ውጊያ የሚሄድ መርከብ የሚጫነው በተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ መውረድ ያለበት መጨረሻ ላይ ይገባል። ጥይቱ ከድንኳኑ ሥር ከተቀበረ ያለቀለት ነው። ደግሞ አንድ መርከብ ቢሰጥም አንድ ዓይነት ዕቃ ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፋ ጭነቱ ይከፋፈላል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ባዶ ቦታ ይተርፋል።

አሸዋውም ጉዳይ ነበር። በ1943 የመጨረሻ ሌሊት ሁለት የእንግሊዝ ጦር አባላት ኖርማንዲ ባህር ዳር ድረስ ዋኝተው፣ ጠባቂዎች ባሉበት በደረታቸው እየተሳቡ፣ በመሰርሰሪያ የአሸዋ ናሙና ወስደው ተመለሱ። ይህ ታሪክ ሲወራ የሚነሳው ጀብዱው ነው፤ ይገባቸዋልም። ያመጡት መልስ ግን ይበልጥብኛል። ያ መሬት ታንክና ካሚዮን ሳይውጥ ይሸከማል ወይ? ካልተሸከመ ድንኳኑ ጭቃ ላይ ነው የሚተከለው።

“ታዲያ ለምን ወደብ ያለበት ከተማ አላረፉም?” ይባላል። ሞክረው አይተውታል። ኦገስት 19 ቀን 1942 የፈረንሳይ ወደብ በሆነችው ዲየፕ ላይ፣ አብዛኞቹ ካናዳውያን የሆኑ 6,000 ያህል ወታደሮች ተላኩ። ከግማሽ በላይ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ። የተመሸገ ወደብ ፊት ለፊት አይያዝም፤ ቢያዝም ጠላት አፍርሶት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማልቤሪ የተባሉ ሁለት ሰው ሠራሽ ወደቦችን እየጎተቱ ይዘው መጡ። ጁን 19 የጀመረው ማዕበል ከአምስቱ ማረፊያዎች አንዱ በሆነው ኦማሃ ላይ የነበረውን የአሜሪካኖቹን ወደብ አፈራረሰው። ማራገፉ ግን በዚያ አላበቃም። ታንክ አራጋፊዎቹን ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ አስቀምጠው ያወርዳሉ፣ ውሃው ሲሞላ መርከቡ ይነሳል። ኦማሃ ላይ ብዙው ጭነት በዚህ መንገድ ወረደ። እንዲህ ያለ መላ ዕቅድ ውስጥ ባይጻፍም ዕቅዱን ያድናል።

ጠላትን ማዘግየቱ ደግሞ ከማረፉ ብዙ ሳምንት በፊት ነው የተጀመረው። የባቡር ማዕከሎች ተደበደቡ። በታችኛው ሴን ላይ የነበሩ ድልድዮች ተሰባበሩ። የፈረንሳይ አርበኞች ሐዲድ ቆረጡ። ዳስ ራይኽ የተባለው ታንከኛ ክፍለ ጦር ከደቡብ ፈረንሳይ ተነስቶ በጥቂት ቀን መድረስ ሲችል ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀበት።

ሁለተኛው ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ አስተያየት ሰጪ፣ ፎርቲቲዩድ የተባለው የማታለል ሥራ ማረፊያው ቦታ እስከ ጁን 6 ንጋት እንዳይታወቅ ለመደበቅ ነበር ይላል። ይህ ግማሹ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የተገኘው ከማረፉ በኋላ ነው። ጀርመኖች በአሜሪካዊው ጄኔራል ፓተን የሚመራ፣ በእውን የሌለ የጦር ክምችት ለእንግሊዝ ቅርብ በሆነው የፈረንሳይ ዳርቻ፣ ካሌ ላይ ሊያርፍ ነው ብለው አምነው ነበር። ጁን 9 ጋርቦ የተባለው፣ በድብቅ ለእንግሊዞች የሚሠራው ድርብ ሰላይ ኖርማንዲ ማዘናጊያ ነው የሚል መልእክት ላከላቸው። አመኑት። በሰርጉ ቋንቋ፣ ከበሮው እየተመታ “ዋናው ድግስ ሌላ ሰፈር ነው” ተብሎ ሰውየው ወንድሞቹን እዚያ አስቀመጠ። 15ኛው የጀርመን ጦር አብዛኛውን ኃይሉን ይዞ ካሌ አካባቢ ለሳምንታት ሲጠብቅ ቆየ።

አሁን ወደ ሂትለር እንቅልፍ እንመለስ። አርፍዶ መነሳቱ እውነት ነው። ተጠባባቂዎቹ ታንከኛ ክፍለ ጦሮችም የተለቀቁት ከሰዓት በኋላ ነው። ይህ ምንም ለውጥ አላመጣም አልልም፤ ለዚያ ቀን ለወረዱት ወታደሮች ትልቅ ነገር ነው። ግን ነገሩ በዚያ ቀን የሚወሰን ቢሆን ኖሮ የቃል ኪዳን ሀገራት ጦር ተሸናፊ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ግቦች አብዛኞቹ አልተሳኩም። የኖርማንዲዋ ካን ከተማ በዚያው ቀን ትያዛለች ተብሎ ነበር፤ የተያዘችው ጁላይ ውስጥ ነው። አምስቱ ማረፊያዎች እንኳ ሙሉ በሙሉ የተገናኙት ሳምንት ሊሞላ ሲል ነው። ያም ሆኖ በጁን መጨረሻ 850,000 ያህል ወታደር ወርዷል። ጀርመኖች ያለቀባቸውን ሰውና ታንክ እንኳ መተካት አልቻሉም። ውጊያው የተወሰነው በዚህ ልዩነት ነው።

ፓሪስ ኦገስት 25 ነጻ ወጣች፤ 80ኛው ቀን ላይ መሆኑ ነው። ዕቅዱን ቀደሙት። ያኔ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ባህር ዳር የወረደ ቶን ግንባር የደረሰ ቶን አይደለም። ኖርማንዲ ላይ ነዳጅ ተከምሮ ሳለ ፊት ያሉት ታንኮች ነዳጅ አጥተው ቆሙ። ሴፕቴምበር 4 ቤልጅየም ውስጥ ያለው የአንትወርፕ ወደብ ብዙም ሳይጎዳ ተያዘ። ወደ ወደቡ የሚያስገባው የሼልት ወንዝ አፍ ግን በጀርመኖች እጅ ነበር። የመጀመሪያው የመርከብ ቅፍለት እዚያ የገባው ኖቬምበር 28 ነው።