የግል ረቂቅ ሕግ በክኔሴት፦ የሲግድ ሕግ የመጣበት በር

በእስራኤል ፓርላማ፣ በክኔሴት፣ ረቂቅ ሕግ ከሦስት ቦታ ይመጣል። ከመንግሥት፣ ከክኔሴት ኮሚቴዎችና ከአንድ ተራ የምክር ቤት አባል። ሦስተኛው በዕብራይስጥ «ሃጻዓት ሖክ ፕራቲት» ይባላል፤ የግል ረቂቅ ሕግ ማለት ነው። «የግል» መባሉ የአንድን ሰው ጉዳይ ብቻ ስለሚመለከት አይደለም። አቅራቢው ግለሰብ ስለሆነ ነው። አንዴ ከጸደቀ እንደማንኛውም ሕግ በአገሩ ሁሉ ይሠራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ አዋጅ እንዴት እንደሚወጣ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። እዚያ የለመድነው ረቂቁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሲመራ ነው። እዚህ ግን ተቃዋሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ አባል እንኳ ሕግ ጽፎ ማቅረብ ይችላል። የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ በሕግ የታወቀው በዚሁ በር ገብቶ ነው። እኛን በቅርብ የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ በአማርኛ ሰብሰብ አድርጎ ማስቀመጡ ይጠቅማል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ

ክኔሴት 120 አባላት አሉት። ሚኒስትር ወይም ምክትል ሚኒስትር ያልሆነ ማንኛውም አባል የግል ረቂቅ ማቅረብ ይችላል። ብቻውን ሊፈርም፣ ወይም የራሱንም የሌላ ፓርቲንም አባላት ሊያስፈርም ይችላል። ረቂቁ መጀመሪያ ለአፈ ጉባኤውና ለምክትሎቻቸው ይቀርባል። እነሱ ሳይፈቅዱ ወደ ምክር ቤቱ አይገባም።

ይህ ማጣሪያ የራሱ ታሪክ አለው። በ1984 የተመረጠው መኢር ካሀነ አረቦችን የሚያገልሉ ረቂቆች ይዞ መጣ። አፈ ጉባኤው ሽሎሞ ሂሌል አላስገባም አሉ። ካሀነ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም በወቅቱ የነበረው ደንብ ረቂቅን በይዘቱ ምክንያት ለመከልከል ሥልጣን አይሰጥም ብሎ ወሰነ። ክኔሴትም ደንቡን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ በባሕርዩ ዘረኛ የሆነ፣ ወይም እስራኤል የአይሁድ ሕዝብ አገር መሆኗን የሚክድ ረቂቅ አይቀርብም።

የተፈቀደ ረቂቅ 45 ቀን ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ መንግሥት አቋሙን ይወስናል። የሚወስነውም በፍትሕ ሚኒስትሩ ሰብሳቢነት የሚመራው የሕግ አወጣጥ የሚኒስትሮች ኮሚቴ ነው። እሑድ እሑድ ይሰበሰባል። ስብሰባው ዝግ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ የጥምር መንግሥቱን አባላት ያስራል። አብዛኛው የግል ረቂቅ ተስፋው የሚያበቃው እዚህ ነው። ኮሚቴው «እንቃወማለን» ካለ፣ ረቂቁን የወደደው የጥምረቱ አባል እንኳ እጁን ለማውጣት ይቸገራል።

ከዚያ ረቡዕ ይመጣል። የግል ረቂቆች ቀዳሚ ንባብ (ከመጀመሪያ ንባብ በፊት ያለ የውይይትና የድምፅ ዙር) የሚደረግባቸው በዚህ ቀን ነው። አቅራቢው መድረክ ላይ ወጥቶ እስከ 10 ደቂቃ ያስረዳል። አንድ ሚኒስትር መልስ ይሰጣል። ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ረቂቁ ከወደቀ፣ እሱኑ ወይም እሱን የሚመስል ረቂቅ ለስድስት ወር መልሶ ማምጣት አይቻልም። ካለፈ ወደ ኮሚቴ ሄዶ ይብላላል፤ ከዚያ ለመጀመሪያ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ንባብ ይመለሳል። የመንግሥት ረቂቅ በቀዳሚ ንባብ አያልፍም። ማለት የግል ረቂቅ አራት በር ሲያንኳኳ የመንግሥቱ ሦስት ብቻ ያንኳኳል።

ገንዘብ ሲነሳ ደግሞ ሌላ አጥር አለ። ረቂቁ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሸክል የሚያስወጣ ከሆነና መንግሥት ካልተስማማ፣ በተራ አብላጫ ድምፅ አያልፍም። ቢያንስ 50 አባላት መደገፍ አለባቸው። በሌላው ጉዳይ ግን ክኔሴት ምልዓተ ጉባኤ አይጠይቅም። አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰው ቢኖርም ድምፅ ከሰጡት የሚበዛው ይወስናል።

1992 እና ያስከተለው

በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት የግል ረቂቅ ብዙም አልነበረም፤ ሕግ የሚያወጣው በተግባር መንግሥት ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ ነው። ከሚጸድቁት ሕጎች ግማሽ ገደማው የግል የሆነበት ጊዜም መጥቷል።

ለዚህ ትልቁ ምሳሌ አምኖን ሩቢንስታይን ናቸው። የክኔሴት አባልና የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ዳን ሜሪዶር በ1980ዎቹ መጨረሻ የሰብዓዊ መብት መሠረታዊ ሕግ (እስራኤል ውስጥ በሕገ መንግሥት ቦታ የሚቆም ሕግ) አዘጋጅተው ነበር፤ የሃይማኖት ፓርቲዎች ስለተቃወሙ ግን በመንግሥት በኩል አልሄደም። ሩቢንስታይን ያንን ሐሳብ ወስደው የግል ረቂቅ አደረጉት። አንድ ላይ ቢያቀርቡት እንደሚወድቅ ስላዩም ከፋፈሉት። ብዙ የሚያጣላውን ትተው የሚያስማማውን አስቀደሙ። በማርች 1992 ሁለቱ አለፉ። የሥራ ነጻነት መሠረታዊ ሕግ በ23 ለ0፣ የሰው ልጅ ክብርና ነጻነት መሠረታዊ ሕግ በ32 ለ21።

ቁጥሮቹን ልብ በሉልኝ። 120 አባላት ባሉበት ምክር ቤት 32 ሰዎች ደግፈው የጸደቀ ሕግ ነው። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት አሃሮን ባራክ ይህን «የሕገ መንግሥት አብዮት» ብለውታል። በ1995 ከፍተኛው ፍርድ ቤት እነዚህን ሕጎች የሚጥስ ተራ ሕግ መሻር እንደሚችል ወሰነ። አንዳንዶች ድምፅ የሰጡት አባላት ምን እያጸደቁ እንደነበር አላወቁም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ውይይቱ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

በዚያው አሥር ዓመት ለተራው ሰው ኑሮ የቀረቡ ሕጎችም ወጡ። በ1998 ያኤል ዳያን የመሩት የጾታዊ ትንኮሳ መከላከያ ሕግ ጸደቀ። ትንኮሳን ወንጀል አደረገ፤ አሠሪም አቤቱታ የሚቀበል ሰው እንዲመድብ አስገደደ። በፋብሪካም በጽዳት ሥራም ላይ ያሉ እህቶቻችን ይህን መብት ቢያውቁት መልካም ነው። በዚያው ዓመት ራን ኮሄን ያመጡት የመንግሥት ቤቶች ሕግም አለፈ። አሚዳርና መሳሰሎቹ የመንግሥት ቤት አከራይ ድርጅቶች በሚያስተዳድሯቸው ቤቶች የሚኖር ተከራይ ቤቱን በቅናሽ እንዲገዛ የሚፈቅድ ነው። ይሁን እንጂ መንግሥት ከበጀት ጋር በሚያስጸድቀው «ሖክ ሃሄስዴሪም» አማካይነት አፈጻጸሙን ለብዙ ዓመታት አዘገየው። ሕግ ማጽደቅና ሕግ ማስፈጸም ሁለት የተለያዩ ትግሎች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የሲግድ ሕግ

ሲግድ ከስርየት ቀን፣ ከዮም ኪፑር፣ 50 ቀን በኋላ፣ በዕብራውያኑ ወር በሄሽዋን 29 ይውላል። ስሙ ከግዕዙ «ሰገደ» የመጣ ነው፤ ምህላላም ይባላል። ጎንደር አካባቢ ባለችው አምቦበር ሕዝቡ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶች ኦሪቱን ይዘው ያነባሉ፤ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ፊቱን አዙሮ ይጸልያል። ከዚያ ወርዶ ጾም ይፈታል። እስራኤል ከገባን በኋላም በዓሉ ኢየሩሳሌም ላይ ቀጠለ፤ አርሞን ሃናጺቭ የተባለው ሰፈር የዓይን ምስክር ነው። በሕግ ግን ቦታ አልነበረውም። ሠራተኛው ከአለቃው ለምኖ ይመጣ ነበር፤ ተማሪው ከትምህርት ቤት ቀርቶ።

በፌብሩዋሪ 2008 ኡሪ አሪኤል የተባሉ የክኔሴት አባል የሲግድ በዓል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ያኔ ፓርቲያቸው ተቃዋሚ ነበር። ጥቂት ወራት ብቻ ፈጅቶ፣ በጁላይ፣ ክኔሴት ሲግድን በመንግሥት በዓላት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ1991 ብዙ ቤተ እስራኤልን ከኢትዮጵያ ካመጣው ከሰሎሞን ዘመቻ 17 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በሕጉ መሠረት መንግሥታዊ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፤ በዓሉ በትምህርት ቤቶች ይታወሳል፤ ሠራተኛም ከዓመት ፈቃዱ ለበዓሉ ቀን መውሰድ ይችላል።

ክብሩ የማን ነው የሚለው ያከራክራል። ረቂቁን የፈረሙት አሪኤል ናቸው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በዓሉን በየዓመቱ ጠብቀው ያቆዩት፣ ባለሥልጣን ጋብዘው ያሳዩት ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ናቸው። እነሱ ባይኖሩ የሚጻፍ ረቂቅም አይኖርም ነበር። በዚያው ዓመት ሽሎሞ ሞላ እና ማዞር ባሃይና ክኔሴት ገብተዋል፤ ከእነሱ በፊት በ1996 በሩን የከፈተው አዲሱ መሳላ ነው። በ2013 ደግሞ ፕኒና ታማኖ ሻታ ኢትዮጵያ ተወልዳ ክኔሴት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የቅርብ ጊዜ ጭቅጭቅ

የግል ረቂቅ የደካማው መሣሪያ ብቻ አይደለም። እስራኤል የአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ አገር ናት የሚለው የብሔር አገር መሠረታዊ ሕግ በ2011 በአቪ ዲክተር የግል ረቂቅ ተጀምሮ በጁላይ 2018 በ62 ለ55 ጸድቋል። በማርች 2023 ጠቅላይ ሚኒስትርን ከሥልጣን ማገድን የሚያጠበው ማሻሻያም በጥምረቱ አባል በኦፊር ካጽ ስም የቀረበ ነው። ተቺዎች መንግሥት የራሱን ሐሳብ በአባላቱ ስም የሚያሳልፈው የሚኒስቴሮችን ጥናትና የመንግሥቱን የሕግ አማካሪ ለማምለጥ ነው ይላሉ። ደጋፊዎች ማንኛውም አባል ሕግ የማቅረብ መብት አለው ብለው ይመልሳሉ። በእኔ እይታ የተቺዎቹ ነጥብ ክብደት አለው፤ ትልልቅ ጉዳዮች ሰፊ ጥናት ይሻሉና።

ቁጥሩና ምርጫው

እያንዳንዱ የግል ረቂቅ በዕብራይስጡ «ፔ» ፊደል የሚጀምር ቁጥር ይሰጠዋል። የመጨረሻው ቁጥር የክኔሴቱ ተራ ነው፤ በኖቬምበር 2022 ለተመረጠው 25 ይላል። በአንድ የክኔሴት ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ይቀርባሉ፤ ጥቂቶቹ ብቻ ሕግ ይሆናሉ። ምርጫ ሲመጣ የመጀመሪያ ንባብን ያላለፈ ረቂቅ ይሞታል። ያለፈውን ግን አዲሱ ክኔሴት ካቆመበት ሊቀጥለው ይችላል። የሞተውን የፈለገ አባል እንደገና ጽፎ፣ እንደገና አስፈርሞ፣ ከ45 ቀኑ መጀመር አለበት። ለዚህ ነው አንድ ረቂቅ በተለያየ ቁጥር በሦስት በአራት ክኔሴት ውስጥ የሚገኘው።